ትልቁን ፒክአፕ ከአስፋልት ውጭ ለሚደረግ ረጅም ጉዞ ማሰናዳት፦ ምን ከምን ይመረጣል?

ሙሉ መጠን ያለው ፒክአፕ ገዝቶ ከአስፋልት ውጭ ረጅም ጉዞ ለመሄድ የሚሰናዳን ሰው መጀመሪያ የሚያታልለው የመኪናው ስፋት ነው። የኋላው የጭነት ሳጥን ባዶውን ሲታይ የቤት ዕቃ ሁሉ የሚውጥ ይመስላል፤ ሰፊው ጋቢናና ጉልበተኛው ሞተርም ያንኑ ግምት ያጠናክራሉ። ነገር ግን የቦታ ስፋትና የመሸከም አቅም ለየቅል ናቸው። ብዙ ሰው ሳጥኑ ከመሙላቱ በፊት ሻንሲው፣ ጎማውና ፍሬኑ እንዲሸከሙ የተፈቀደላቸውን ጨርሶ ያገኘዋል። ስለዚህ በእኔ እምነት ከጎማ እስከ ድንኳን ያለው ምርጫ ሁሉ በቅድሚያ በኪሎ፣ ቀጥሎም ያ ኪሎ በሚያርፍበት ቦታ ሊመዘን ይገባል፤ መልክና ዋጋ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም በዚሁ ሚዛን የተሠራ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚነበበው ቁጥር

ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩ ፒክአፖች ላይ፣ በሾፌሩ በር መቃን፣ የተሳፋሪውና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከስንት መብለጥ እንደሌለበት የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር የዚያችው መኪና ቁጥር እንጂ የሞዴሉ አይደለም። በማስታወቂያ ላይ የሚነገረው ከፍተኛ የመጫን አቅም አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ በሌለውና አጭር ጋቢና ባለው መኪና የተገኘ ሲሆን፣ የሚከፈት ጣሪያ፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ መቀመጫና ትልልቅ ቸርኬ ያለው የቅንጦት ስሪት ግን የራሱን ጌጥ ተሸክሞ ስለሚነሳ ለባለቤቱ የሚተርፈው አቅም ያንሳል። አንድ ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው በወረቀታቸው ላይ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ልዩነት ማሳየታቸው የተለመደ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከኪሎ ሜትሩ ንባብ እኩል ይህን ወረቀት ቢያይ ይጠቀማል።

ፎርድ ኤፍ-150፣ ራም 1500፣ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ 1500 እና ቶዮታ ተንድራ የሚገኙበት ምድብ «የግማሽ ቶን» ይባላል። ስሙ የቆየ ስለሆነ ከዛሬው አቅም ጋር አይገናኝም፤ ባለ አራት በርና ፎር ዊል በሆኑት ላይ ወረቀቱ በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ኪሎ ግራም ያሳያል። 750 ኪሎ የተፈቀደለትን አንድ መኪና እንውሰድና የተለመደውን የመንገደኛ ዕቃ እንደምርበት። ሁለት ሰዎች 160፣ የሳጥን ሽፋን 90፣ የጣሪያ ድንኳን 65፣ የመሳቢያ መደርደሪያ 100፣ ፍሪጅ ከነምግቡ 40፣ ስልሳ ሊትር ውኃ 60፣ ተጨማሪ ባትሪና ሽቦ 25፣ መፍቻና የማውጫ መሣሪያ 50፣ የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (መኪና በገመድ የሚስብ መሣሪያ) 90፣ አምስት ትልልቅ ጎማዎች ከፋብሪካው ጎማ በላይ የሚጨምሩት 40፣ ሁለት ጀሪካን ነዳጅ 40 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 760 ነው። ልብስ፣ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ ገና አልተጫኑም፤ መኪናው ግን ከተፈቀደለት አልፏል። እዚህ ስሌት ውስጥ የቅንጦት የሚባል ዕቃ የለም፤ ችግሩ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ መሆኑ ነው።

ከዚህ ችግር መውጫው ሁለት ነው፤ ዕቃውን መቀነስ ወይም ወደ «ሦስት አራተኛ ቶን» ምድብ፣ ማለትም ወደ ፎርድ ኤፍ-250፣ ራም 2500 ወይም ሲልቨራዶ 2500 መሻገር። ሁለተኛው መንገድ ቀላል ቢመስልም አንድ ወጥመድ አለበት። በዚህ ምድብ የቤንዚን ሞተር ያለው መኪና ከናፍጣው ይልቅ ብዙ ይጭናል፤ የናፍጣው ሞተር ራሱ በእጅጉ ስለሚከብድና አጠቃላይ የክብደት ጣሪያው፣ ማለትም መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀደው፣ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ባለ አራት በር የናፍጣ 2500 የሚተርፈው አቅም ከአንድ ጥሩ የግማሽ ቶን መኪና እምብዛም የማይርቅበት ጊዜ አለ። ናፍጣ ተጎታች ለሚጎትትና ረጅም ዳገት ለሚወጣ ሰው ወደር የለውም። ነገር ግን ዘመናዊዎቹ የናፍጣ ሞተሮች በሚሊዮን ከ15 እጅ ያልበለጠ ድኝ ያለው ንጹሕ ናፍጣና ለጭስ ማጣሪያው የሚሆን የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ ፈሳሹም ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይረጋል። የነዳጁ ጥራት ወደማይታወቅበት አካባቢ ለሚጓዝ ሰው እኔ ቤንዚኑን እመርጣለሁ።

የፊት አክስሉም ሌላ መለያ ነው። ኤፍ-250 እና ራም 2500 ፎር ዊል ሲሆኑ ከፊት ወጥ አክስል አላቸው፤ የግማሽ ቶኖቹና ሲልቨራዶ 2500 ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር አላቸው። ወጡ አክስል ከባድ ፓራውልትና ዊንች ተሸክሞ ዓለት ላይ መውጣትን ይችላል፣ ለመጠገንም ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ በኮረኮንች ላይ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ግን ለብቻ የሚንቀሳቀሰው ይሻላል፤ መሪው አይንቀጠቀጥም፣ ሾፌሩም አይደክምም።

ክብደቱ የት ያርፋል?

ሁለት መኪኖች እኩል ክብደት ጭነው አንዱ በደህና ሲነዳ ሌላው መሪው ሊቀልና ጅራቱ ሊወዛወዝ ይችላል። ምክንያቱ ከአክስሎቹ ውጭ የተንጠለጠለ ክብደት እንደ ማንሻ መሥራቱ ነው። ከፊት አክስል አንድ ሜትር ወደፊት የተሰቀለ 80 ኪሎ ፓራውልትና ዊንች፣ በአክስሎቹ መካከል 3.7 ሜትር ባለው መኪና ላይ፣ የፊት አክስሉን 102 ኪሎ ገደማ ያስከብደዋል፤ ከኋላው ደግሞ 22 ኪሎ ያህል ያነሳለታል። በተቃራኒው ከኋላ አክስል 1.3 ሜትር ወደኋላ በተሰቀለ መያዣ ላይ 60 ኪሎ የሚሆን ስኮርታ ጎማና ነዳጅ ቢጫን፣ የኋላው አክስል 81 ኪሎ ይሸከማል፣ የፊቱ ደግሞ 21 ኪሎ ይቀልለታል። በዚህ ምክንያት ስኮርታን በኋላ በር ላይ በሚወዛወዝ ክንድ መስቀልንና በፋብሪካ ቦታው ከሳጥኑ ሥር መተውን ሳነጻጽር፣ ጎማው ከሥር እስከገባ ድረስ እዚያው ይቆይ እላለሁ። በጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ማውረዱ ያናድዳል፤ የሚያጋጥመው ግን አልፎ አልፎ ነው፣ የተንጠለጠለው ክብደት ግን በየሜትሩ አብሮ ይጓዛል።

ውኃም በዚሁ ሕግ ይገዛል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ ስልሳ ሊትር የአንድ ሰው ክብደት ነው፤ ቦታውም ከሳጥኑ ወለል ላይ፣ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ፣ ከኋላው አክስል ወደፊት መሆን አለበት። አንድ ትልቅ በርሜል ከመያዝ ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ቢቀደድ ሁሉም አይፈስም፣ ግማሽ የጎደለ ትልቅ ዕቃ ውስጥ እንደሚሆነውም ውኃው ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ መኪናውን አያወዛውዝም።

ነዳጅን በተመለከተ ተጨማሪ ጀሪካን ከመስቀል በፊት ከፋብሪካ የሚመጣውን ትልቅ ታንክ ማየት ይገባል። ለምሳሌ ኤፍ-150 በአንዳንድ ስሪቶች 136 ሊትር የሚይዝ ታንክ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ክብደት ዝቅ ብሎ በአክስሎቹ መካከል ይቀመጣል። ቤንዚን በጣሪያ ላይ መጫን ደግሞ በፀሐዩም በከፍታውም ምክንያት ከነጭራሹ ለንጽጽር የማይቀርብ ነው።

ዕቃው ሁሉ ከተጫነ፣ ታንኩ ከሞላና ሰዎቹ ከተቀመጡ በኋላ መኪናውን የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ወስዶ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ ማስመዘን ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ ሞላ የሚያዝ ሰው በግምት የተሰፋ ሱሪ እንደሚገዛ ሰው ነው።

ሞላ፣ ባሌስትራ ወይስ የአየር ከረጢት?

ራም 1500 ከ2009 ሞዴል ጀምሮ፣ ተንድራ ደግሞ ከ2022 ሞዴል ጀምሮ ከኋላ የተጠመዘዘ ሞላ አላቸው፤ አብዛኞቹ ኤፍ-150 ስሪቶችና ሲልቨራዶ ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች) ይዘው ቀርተዋል። ባዶውን ሲነዳ ሞላው ይመቻል፤ ሳይወርድ የሚኖር ቋሚ ጭነት ሲመጣ ግን ባሌስትራ ለማስተካከል ይቀላል፣ ምክንያቱም ለተመዘነው ክብደት የሚሆን ሙሉ ባሌስትራ ማሠራት ወይም ማዘዝ ይቻላል። አንድ ቅጠል ብቻ መጨመር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የተጨመረው ወፍራም ቅጠል ከነባሮቹ ጋር በደንብ ሳይስማማ ሲቀር መኪናው ባዶውን እንደ ጋሪ ይነጥራል። ሦስት መቶ ኪሎ ቋሚ ጭነት ላለው ሰው ሙሉውን መቀየር፣ ጭነቱ ለሚለዋወጥ ሰው ደግሞ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ገብቶ የሚነፋ የአየር ከረጢት ማሰብ ተገቢ ነው።

የአየር ከረጢት ግን አደጋ አለው። ባሌስትራ ክብደቱን በሁለት ጫፎቹ ለሻንሲው ሲያካፍል፣ ከረጢቱ በአክስሉ ላይ ባለችው አንዲት ቦታ ይገፋል። ከአክስሉ በስተኋላ ብዙ ጭነት የተሸከመና ከረጢቱ በአየር የተወጠረ ፒክአፕ በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሻንሲው ከረጢቱ በሚገፋበት ቦታ ላይ ሊጎብጥ ይችላል፤ እንዲህ ጎብጠው የተገኙ መኪኖችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከረጢት የመረጠ ሰው የፊትና የኋላውን ቁመት ለማስተካከያ ይጠቀምበት እንጂ የተትረፈረፈ ጭነት ማንሻ አያድርገው። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ፤ የተጠናከረ ሞላ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል እንጂ በበሩ ላይ የተጻፈውን የክብደት ጣሪያ አንዲት ኪሎ እንኳ ከፍ አያደርገውም፤ አክስሉ፣ ቦኮላውና ፍሬኑ የነበሩት ናቸውና።

ሾክ አብዞርበርን በሚመለከት ብዙ ሰው ቁመት ለመጨመር የሚያወጣውን ገንዘብ እዚህ ላይ ቢያወጣው ይበጀዋል። ኮረኮንች ላይ ለሰዓታት የሚሠራ ሾክ ዘይቱ ይግላል፣ ከጋለ በኋላም መቆጣጠሩን ያቆማል። ወፍራም አካልና የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያ ያለው ሾክ ይህን ሙቀት ይችላል። የማንሳት ሥራውን በተመለከተ ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው መንገድ ይበቃል። አሥርና አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ማንሳት የክብደቱን ማዕከል ወደላይ ይወስዳል፣ የፊት ዘንጎቹን ማጠፊያ ያጣምማል፣ ጣሪያው ላይ ድንኳን ላለው መኪና ደግሞ በተዳፋት ላይ መገልበጥን ያቀርባል።

ጎማ

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆን ያ ነገር ጎማ ይሆን ነበር፤ የግማሽ ቶን ፒክአፖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት ለአስፋልት በተሠራ የመንገደኛ መኪና ጎማ ስለሆነ። የመጀመሪያው ምርጫ በዚህና ለቀላል የጭነት መኪና በተሠራው መካከል ነው። ሁለተኛው ጎኑ የጠነከረ ሲሆን የጭነት ደረጃው በፊደል ይገለጻል፤ በተለመዱት መጠኖች «ሲ» የሚባለው እስከ 50፣ «ዲ» እስከ 65፣ «ኢ» ደግሞ እስከ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አየር ይይዛል። ገበያው ሁሉን ሰው ወደ «ኢ» ይገፋል። ለሦስት አራተኛ ቶን መኪና ይህ ትክክል ነው። ሚዛኑ የፈቀደለት የግማሽ ቶን ግን በ«ሲ» ቢሄድ ጎማው ይቀልለታል፣ ጠጠር ላይ ይለሰልስለታል፣ አየር ሲቀነስለትም ጎኑ በቀላሉ ይተኛል። ከመንገደኛ ጎማ ወደ ጭነት ጎማ የሚቀይር ሰው የበሩ ወረቀት ላይ ባለው ግፊት መቀጠል የለበትም፤ አንድ ዓይነት ክብደት ለመሸከም የጭነቱ ጎማ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል፣ ልኩም ከጎማው አምራች የጭነት ሰንጠረዥ ይገኛል።

ሁለተኛው ምርጫ የጥርሱ ነው። ለሁሉም መሬት የሚባለው ጎማ ጥርሱ የተቀራረበ ሲሆን በጠጠር፣ በአሸዋ፣ በእርጥብ አስፋልትና በቀላል ጭቃ ላይ ይሠራል፤ የጭቃ ጎማ ጥርሱ የተራራቀና ጥልቅ ነው። በሚያጣብቅ ጭቃ ውስጥ የሁለተኛው ብልጫ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ረጅም ጉዞ የሚሄድ ሰው አብዛኛው ኪሎ ሜትሩ ጠጠርና አስፋልት ነው፤ እዚያ ላይ የጭቃ ጎማ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ በአሸዋ ላይም ከመንሳፈፍ ይልቅ ይቆፍራል። በረዶ ለሚያጋጥመው ሰው በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን የሁሉም መሬት ጎማ መፈለግ ይጠቅማል።

መጠንን በሚመለከት በባለ 33 ኢንችና በባለ 35 ኢንች መካከል ያለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ ስሌቱ ግን አጭር ነው። የሁለት ኢንች ልዩነት ከዲፈረንሻሉ ሥር የሚጨምረው አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በምትኩ የማርሹ ጉልበት 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ጥቂት ኪሎዎች ይጨመራሉ፣ እነዚህም የሚሽከረከሩ ኪሎዎች ስለሆኑ ማስነሳትም ማቆምም ይከብዳል። በብዙዎቹ የግማሽ ቶን መኪኖች ላይ ባለ 35ቱ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎን ይነካል፤ ስኮርታውም ከሥር ላይገባ ይችላል፣ ያን ጊዜ ቀደም ሲል ያልኩት የኋላ ክንድ የግድ ይመጣል። እኔ ለግማሽ ቶን 33 ወይም ለፋብሪካው ቸርኬ የሚስማማ 34 ኢንች ይበቃል ባይ ነኝ፤ 35 ለሦስት አራተኛ ቶኑ ይሁን። ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰፊ ቸርኬ ደግሞ ቀድሞውኑ ያለ ስፖኪዮ 2.03 ሜትር የሚሰፋን ኤፍ-150 ይበልጥ ያሰፋዋል። ከኋላ ዕይታ ያማረ ቢመስልም በጠባብ ዱካ ላይ ቁጥቋጦው የሚያገኘው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ስለ ርዝመትም እዚህ ላይ ላንሳ። በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት በባለ አራት በሩ ኤፍ-150 ከአጭር ሳጥን ጋር 3.69 ሜትር፣ ከረጅሙ ሳጥን ጋር 3.99 ሜትር ገደማ ነው፤ የቶዮታ ሃይሉክስ ከ3.1 ሜትር በታች ነው። ይህ ማለት ትልቁ ፒክአፕ ሹል ጉብታ ላይ ሲወጣ ሆዱ ቀድሞ ይነካል፣ ጠባብ ጥምዝ ላይም ሁለቴና ሦስቴ ወደኋላ መመለስ አለበት። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከጎን በሮቹ ሥር በሻንሲው ላይ የሚታሰር ጠንካራ የብረት ቱቦ ከፊት ፓራውልት ይልቅ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ከፋብሪካ የሚመጣው ለመርገጫ የሚያገለግለው ደረጃ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ወደ በሩ ይታጠፋል።

አየር መቀነስ ነጻ ነው፤ ከማንኛውም ግዢ የበለጠም ለውጥ ያመጣል። ኮረኮንች ላይ ከአስፋልቱ ግፊት ሩብ ያህል መቀነስ፣ ለስላሳ አሸዋ ላይ ደግሞ እስከ 15 ወይም 18 ፒኤስአይ መውረድ የተለመደ ነው፤ የተጫነ ከባድ መኪና የኋላ ጎማው ከዚህ ከፍ ይላል። ግፊቱ ሲወርድ ፍጥነቱም አብሮ መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ ጎኑ ግሎ ይበላሻል። እነዚህን አራት ትልልቅ ጎማዎች መልሶ ለመሙላት ትንሿ በሲጋራ ማቀጣጠያ የምትሠራ መንፊያ አትሆንም፤ በቀጥታ ከባትሪ የሚሰካ፣ ቢቻል ባለ ሁለት ሲሊንደር መንፊያ ይግዙ።

የት ይተኛል?

ይህ ምርጫ ከማንኛውም በላይ ክብደቱን የሚወስነው ነው። በአንድ ጫፍ የሳጥን ሽፋን አድርጎ በውስጡ መተኛት አለ፤ በሌላው ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ሙሉ የመኝታ ቤት። በመካከላቸው የጣሪያ ድንኳንና ሽፋኑ ራሱ ወደላይ የሚከፈትበት ዓይነት ይገኛሉ።

ሽፋን አድርጎ ውስጡ መተኛት ከሁሉም ይቀላል፣ ዝቅም ያለ ነው፣ ነፋስም አያስቸግረውም። ችግሩ ርዝመቱ ነው፤ አጭሩ ሳጥን 1.67 ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅም ሰው በሰያፍ ካልሆነ አይተኛበትም፣ ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆነው ሳጥን ግን ይበቃል፣ በምትኩ ከላይ የተጠቀሰውን ተጨማሪ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስከትላል። ዕቃውን ሁሉ ማታ ማታ ማውጣትም አለ። ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ አምናለሁ።

የጣሪያ ድንኳን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። የት እንደሚሰቀል ከድንኳኑ ዓይነት ይበልጣል፦ በሽፋኑ አናት ላይ ወይስ ሽፋን ሳይኖር ከጋቢናው ቁመት በማይበልጥ የሳጥን ፖርቶመጋላ ላይ? ሁለተኛው የነፋስ መጋፋቱንና የመወዛወዙን ነገር በእጅጉ ይቀንሳል፤ ግን ዕቃው ለአቧራና ለሌባ ይጋለጣል። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ሽፋኑ መኪናው ሲንቀሳቀስ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይጠይቅ። ቆሞ ሁለት ሰው የሚሸከም የፋይበር ሽፋን በኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ የሚችለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ የሚሰነጠቀውም ብዙውን ጊዜ በመስኮቶቹ ጥግ ላይ ነው።

ወደላይ የሚከፈተው የአሉሚኒየም ሽፋን የሁለቱን ጥቅም ያጣመረ ነው፤ ዋጋው ግን የድንኳንና የሽፋን ድምር ያህልና ከዚያም በላይ ነው። ለሁለት ሰዎች በግማሽ ቶን ላይ ገንዘቡ ካለ እሱን እመርጣለሁ። ሙሉው የሳጥን መኝታ ቤት ምቾቱ አያጠያይቅም፤ ቀላል የሚባለው ተጣጣፊ ዓይነት እንኳ ያለ ውኃና ያለ ዕቃ ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ለሦስት አራተኛ ቶንና ከዚያ በላይ ለሆነ መኪና መተው አለበት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሻንሲው መጠማዘዝ ነው። በፒክአፕ ላይ ጋቢናውና ሳጥኑ ተለያይተው በአንድ ሻንሲ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ በጋቢናውና በሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተትም ይሰፋል ይጠባል። ከጋቢናው ጣሪያ ጀምሮ እስከ ሳጥኑ ድረስ ወጥ ሆኖ የታሰረ ፖርቶመጋላ ይህን እንቅስቃሴ ሊያግድ ይሞክራል፤ አይችልምም፤ ቡሎኑ ይላላል ወይም ጣሪያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጋቢናው ለጋቢናው፣ የሳጥኑ ለሳጥኑ ይታሰር።

ኤሌክትሪክ

እዚህ ላይ ንጽጽሩ ባለፉት ዓመታት ቀሏል። መቶ አምፔር-ሰዓት (የባትሪ የመያዝ አቅም መለኪያ) የሆነ የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ያህል ሲመዝን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወጣለት ይመከራል፤ እኩል መጠን ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ክብደቱ ከዚያ ግማሽ አይሞላም፣ ሙሉ ለሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃም ይጠቅማል። ጉድለቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን መሞላት የሌለበት መሆኑ ነው፤ በረዶ ውስጥ ለሚያድር ሰው ማሞቂያ ያለውን ዓይነት መግዛት ወይም ባትሪውን ጋቢና ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከአርባ እስከ ሃምሳ ሊትር የሆነ የኮምፕሬሰር ፍሪጅ በመካከለኛ ሙቀት በቀን ከ30 እስከ 40 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ አንድ ባለ መቶ ሊቲየም ሁለት ቀን ቆሞ ለመዋል ይበቃል። ዘመናዊ መኪኖች ዲናሞአቸው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ሁለተኛውን ባትሪ በቀላል ማብሪያ-ማጥፊያ ከማገናኘት ይልቅ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ቻርጀር መካከል ላይ ማድረግ የግድ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የፀሐይ ሰሌዳ አያስፈልገውም።

ሲያዝ እንዴት ይወጣል?

ለዊንች የሚሰጠው የተለመደ ልክ ከመኪናው አጠቃላይ የክብደት ጣሪያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 3,200 ኪሎ ለሚፈቀድለት የግማሽ ቶን 4,800 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 10,500 ፓውንድ ይሆናል፤ 4,500 ኪሎ ለሚደርስ ከባድ ፒክአፕ ደግሞ ወደ 15,000 ፓውንድ ይጠጋል። የተጻፈው ጉልበት ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ የመጨረሻው ንብርብር ብቻ ሲቀር ያለው ነው፤ ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ገመዱን በፑሊ (ገመድ በሚዞርበት ተሽከርካሪ) አዙሮ መልሶ ወደ መኪናው ማምጣት ጉልበቱን ወደ እጥፍ ሲያቀርበው፣ ፍጥነቱን ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትልቁን ዊንች ከመግዛት መካከለኛውን ከፑሊ ጋር መያዝ ክብደት ያድናል። የጨርቅ ገመድ ከብረቱ ይቀላል፣ ሲበጠስም የሚገርፈው ያንሳል፤ በድንጋይ መፋተግንና ፀሐይን ግን አይወድም።

ዊንች ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ አብሮ በሚጓዘው መኪና ብዛት ይወሰናል። ሁለት መኪኖች ከሆኑ አካፋ፣ አራት የአሸዋ መርገጫ ሰሌዳና የሚለጠጥ የመጎተቻ ገመድ ተደምረው ከዊንቹና ከፓራውልቱ ግማሽ ክብደት ሳይደርሱ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ የፊት አክስሉም ይቀልለታል። ብቻውን ዛፍና ድንጋይ ወዳለበት አካባቢ ለሚሄድ ዊንቹ ይገባዋል፤ ማሰሪያ በሌለበት ባዶ አሸዋ ላይ ግን ብቻውን የሆነ ሰውም የሚያወጡት መርገጫዎቹና አካፋው ናቸው። የሚለጠጠው ገመድ 30 በመቶ ያህል ስለሚረዝም የጎታቹን መኪና ግፊት አጠራቅሞ የሚለቅ ነው፤ የዛፍ መጠበቂያው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ግን አይለጠጥም፣ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ይጎዳል። የሚታሰረውም በሻንሲው ላይ ለመጎተቻ ተብሎ በተሠራ መንጠቆ ወይም በኋላ መጎተቻው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ለዚሁ በተመዘነ ማያያዣ ላይ ነው። የተጎታች ኳስ ላይ ገመድ ማሰር ክልክል ነው፤ ኳሱ ተቆርጦ ሲወረወር የኋላ መስታወትና ጋቢና አልፎ ሰው ገድሏል።